ወንበሩን ቁጠሩ፣ ስሙን ተዉት



በክፍል ውስጥ ማን ተናገረ፣ ማን ዝም አለ ብሎ መቁጠር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ከምግብ አዳራሹ ተነሥቶ እስከ መምህራኑ ቢሮ ደርሷል። አንዱ ወገን «ተሳትፎ ካልተቆጠረ ማርኩ በምን ይሰጣል?» ይላል። ሌላው ወገን «የምን ቆጠራ ነው! ተማሪ የቀንድ ከብት ነው ወይ?» ብሎ ይመልሳል። እኔ በበኩሌ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ለምን ቢሉ፣ የፊተኛው የማይገባውን ይቆጥራል፤ የኋለኛው ደግሞ መቆጠር የሚገባውን ሳይቆጠር ይቅር ይላል። መቆጠር ያለበት ወንበሩና የመምህሩ ዓይን ነው እንጂ የተማሪው ስም አይደለም። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ይህንኑ ለማስረዳት ነው። የሚቆጣ ቢኖር መልሱን በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ ቦታ አናጣለትም።

አስቀድሜ ቆጠራ ለምኔ ለሚሉት ወንድሞቼ ልመልስ። እስቲ አንድ ጊዜ ስንኳ በኋላው በር ገብታችሁ ትልቁን ክፍል ተመልከቱት። መምህሩ በሰሌዳው ፊት ቆሞ ያስተምራል፤ ዓይኑ የሚያርፈው በፊተኞቹ ሁለት ረድፎችና ከመካከል ቁልቁል በሚወርደው መሥመር ላይ ነው። «ገባችሁ?» ይላል። ከፊት አምስት ሰዎች «ገባን» ይላሉ፤ ትምህርቱም ይቀጥላል። ከኋላ የተቀመጠው ሁሉ ግን የገባውም ያልገባውም እኩል ዝም ብሏል። መምህሩ ወደ ቢሮው ተመልሶ «ዛሬ ክፍሉ ሞቅ ያለ ነበር» ብሎ ለባልደረባው ቢነግረው አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ያላየውን ማን ይንገረው?

ይህ ነገር የእኛ ክፍል ጠባይ ብቻ አይደለም። ሮበርት ሶመር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ በረድፍ በተደረደሩ ክፍሎች ውስጥ ከፊትና ከመካከል የተቀመጡት ተማሪዎች ከሌሎቹ አብልጠው እንደሚናገሩ አሳየ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሬይመንድ አዳምስና ብሩስ ቢድል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የአሜሪካን አገር ክፍሎች በቪዲዮ እየቀረጹ መምህሩ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ቢመለከቱ፣ ንግግሩ በአብዛኛው በፊተኛው ረድፍና በመካከለኛው መሥመር ተወስኖ ተገኘ። ክፍሉ ሰፊ ቢሆንም ትምህርቱ የሚካሄደው በጠባብ ቦታ ነበር ማለት ነው። የቀረው ሰው ተመልካች ነው።

ዳሩ ግን «እንግዲያውስ ሁሉም ወደ ፊት ይምጣ» ብሎ መደምደም አይቻልም። ትጉው ተማሪ ራሱ ፊተኛውን ወንበር ስለሚመርጥ፣ ተናጋሪ ያደረገው ወንበሩ ይሁን ጠባዩ ወዲያው አይለይም። ኮኔያ የተባለ ተመራማሪ በ1976 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጠይቆ ነበር። ያገኘውም እንዲህ ነው፤ ብዙ የሚናገሩትና መካከለኞቹ ከመካከል ሲቀመጡ ይበልጥ ይናገራሉ፤ ጥቂት የሚናገሩት ግን የትም ቢቀመጡ ያው ጥቂት ነው የሚናገሩት። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። አንዱን ዝምታ ወንበሩ ያመጣዋል፤ ሌላው ዝምታ ከሰውየው ጋር ይዞራል። ሁለቱን ሳይለዩ «ሰነፍ» ብሎ መፈረጅ ፍርድ ሳይሆን ግምት ነው።

አሁን ወደ አሶሳ እንመለስ። በዚህ ክልል በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው የየራሱ ቋንቋ አለው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። ከሸርቆሌ ወይም ከካማሺ የመጣ ተማሪ ጥያቄውን በእናቱ ቋንቋ አስቦ፣ በአማርኛ አቃንቶ፣ በእንግሊዝኛ ሊናገረው እጁን ሲያነሣ መምህሩ ስላይዱን አልፎታል። እጁንም ቀስ ብሎ ያወርደዋል። በሚቀጥለው ጊዜ አያነሣም። ከሱዳን ጦርነት በኩርሙክ በኩል ሸሽቶ የመጣ፣ ትምህርቱን በዓረብኛ የጀመረ ሰው ቢጨመርበት ነገሩ ይብሳል። ከትግራይም ከደቡብም በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ የመጣው ወንድማችን አማርኛው ሲያደናቅፈው የሚስቅበት አይጠፋምና እርሱም ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥን ይመርጣል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ሳንቆጥር እንዴት እናውቀዋለን? ሳናውቅስ እንዴት እናስተካክለዋለን? ቆጠራን በደፈናው የሚጠላ ሰው ሳያውቀው ለፊተኛው ረድፍ ጥብቅና ቆሟል። ይህን የምለው እኔም ፊት ከሚቀመጡት አንዱ ሆኜ ነው።

እንግዲህ ከሌላው ወገን ጋር ያለኝን ጠብ ልክፈት፤ ዋናውም እርሱ ነው።

አንዳንድ መምህራን ለተሳትፎ 5 ወይም 10 ማርክ ይመድባሉ። ማርኩን ለመስጠት ወረቀት ያስፈልጋልና የክፍሉን ወንበሮች በሥዕል ያወጣሉ፤ በየወንበሩ ላይ የተቀማጩን ስም ይጽፋሉ፤ የተናገረውን በጭረት ይመዘግባሉ። ለመምህሩ የሚመች ነገር እንደ ሆነ አልክድም። ሰማንያ ሰው በስም ማስታወስ የሚችል መምህር የት ይገኛል? ነገር ግን ያ ወረቀት ከክፍል ከወጣ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ወደ ጠረጴዛ መሳቢያ። ከመሳቢያ ወደ ረዳቱ እጅ። ከረዳቱ ወደ ክፍል ተጠሪው ስልክ። ከተጠሪው ስልክ ወደ ቴሌግራም። ከዚያ ወዲያ ባለቤት የለውም። በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ አንድም ክፉ ሰው አላስገባሁም፤ ሁሉም ሥራ ሊያቀል የፈለገ ደግ ሰው ነው። ወረቀቱ ግን ዞሯል።

ምን አለበት የሚል አይጠፋም፤ ማን እንደ ተናገረ ክፍሉ ሁሉ ሰምቶ የለምን? ሰምቷል። ነገር ግን በክፍል የተሰማ ነገር ከክፍሉ ጋር ይበተናል፤ የተጻፈ ነገር ይቀመጣል፣ ይዞራል፣ ያልነበረም ሰው ያነበዋል። ይልቁንም በዚህ አገር የመቀመጫ ሥዕል የሚናገረው ማን እንደ ጠየቀ ብቻ አይደለም። ሰው ከማን ጋር ይቀመጣል? ከሚያውቀው ጋር፤ ከአገሩ ልጅ፣ ከቋንቋው ተናጋሪ፣ አብሮ ከሚሰግደው ወይም አብሮ ከሚያስቀድሰው ጋር። የሩቅ አገር ሰው ሆኖ ይህን የሚያደርገውን አልወቅሰውም፤ ብቸኝነት ከባድ ነው። ስለዚህ የወንበሩን ሥዕል ከነስሙ የያዘ ሰው ሳያስበው የብሔርና የሃይማኖት ካርታ ይዟል። መምህሩ ያወጣው ለ10 ማርክ ነው። ሌላው የሚያነበው ለሌላ ነገር ነው።

ይህ የጠርጣራ ሰው ቅዠት እንዳይመስላችሁ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በዚሁ በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ በተነሣ ግጭት የተማሪ ሕይወት ጠፍቷል። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ተገድለዋል፤ በዚያው ዓመትም ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች ወላጆች ስንት ጊዜ እንዳለቀሱ አገር ሁሉ ሰምቷል። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በክልላችን በመተከል ዞን፣ በቡለን ወረዳ በኩጂ በተባለው ቦታ ከ100 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን አልቀዋል። በእነዚህ ቦታዎች የመቀመጫ ሥዕል ለጥፋት ዋለ አላልኩም። የምለው፣ ሰው በማንነቱ እየተለየ በተጠቃበት አገር ውስጥ ማንነትን የሚያሳይ ወረቀት ያለ ትልቅ ምክንያት አይሠራም ነው። ሳር ቤት ውስጥ ክብሪት የሚጭር ሰው ቤቱን ማቃጠል አላሰብኩም ቢል ማን ይሰማዋል?

የውጭ አገር ምሳሌ ለሚወዱት አንድ ልጥቀስ። ሆላንድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የሕዝቧን መዝገብ በጥንቃቄ የያዘች አገር ነበረች። በመዝገቡ ላይ የእያንዳንዱ ሰው ሃይማኖት ጭምር ይጻፍ ነበር፤ የተጻፈውም ለአስተዳደር እንዲመች ነው። በግንቦት 1940 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች አገሪቱን ሲይዙ አይሁዳዊውን ለመለየት ብዙ መድከም አላስፈለጋቸውም፤ ደጉ ጸሐፊ ሁሉን አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። በአገሪቱ ከነበሩት 140,000 ያኽል አይሁዳውያን ከ100,000 በላይ የሚሆኑት ተገደሉ። በመጋቢት 1943 እ.ኤ.አ. ሠዓሊዎችና ተማሪዎች የሚገኙበት አንድ ቡድን በአምስተርዳም የሚገኘውን የመዝገብ ቤት በእሳት አጋየው። ካርዱ ግን እጅግ ብዙ ነበርና የተቃጠለው ጥቂቱ ሆነ። ከእነዚያም ሰዎች 12ቱ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መጀመሪያ በጥይት ተደበደቡ። ወረቀትን ሳይጽፉ መተው አንድ ደቂቃም አይፈጅም፤ ከተጻፈ በኋላ ማጥፋት ግን ይህን ያኽል ያስከፍላል።

ወደ ራሳችንም ብንመጣ ልምድ አለን። በብዙ ከተሞች የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መሥመር ነበር፤ ምን ጥቅም እንዳመጣ የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ይህን ጥያቄ ትቶታል፤ መልካም አድርጓል። «አንድ ለአምስት»ንም የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ጎበዙ ደካማውን እንዲረዳ ተብሎ ተማሪው አምስት ስድስት እየሆነ ተቧደነ፤ ሐሳቡ ሲነገር ማን ይጠላዋል? ዳሩ ግን ከመረዳዳቱ ይልቅ ሪፖርቱ በረታ። ማን ቀረ፣ ማን ምን አለ፣ ማን አኮረፈ የሚለው ከጠርናፊ ወደ ጠርናፊ እየወጣ ሄደ፤ ተማሪውም ከጎኑ የተቀመጠውን ጓደኛውን እንደ ጆሮ ጠቢ ማየት ጀመረ። ጥናት ቡድኑ ዝም አለ። ተሳትፎን ለማሳደግ የቆመ ነገር ተሳትፎን ገደለው። በስም የተጻፈ የተሳትፎ ቆጠራ ያንኑ መንገድ እንዳይሄድ የሚያግደው ምንድን ነው? የመምህሩ ቅንነት ብቻ? መምህር ይለወጣል፤ ወረቀት ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ከመምህራን አንዳንዶቹ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያስ ስሙን ትተን የወንበር ቁጥር ወይም የመታወቂያ ቁጥር እንጽፋለን» ይላሉ። ይህ መልስ ብልህ ይመስላል፤ ግን አያዋጣም። ውጤት በመታወቂያ ቁጥር ሲለጠፍ የምናደርገውን አስቡት። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በስም ፊደል ተራ ነው፤ ክፍሉም የሚመደበው በፊደል ተራ ነው። «አበበ»ን የሚያውቅ ሰው ዝርዝሩን ከላይ ጀምሮ ቢቆጥር የጓደኞቹን ሁሉ ውጤት ያገኛል። ወረቀቱ ስም የለበትም፤ ግን ማንንም አልሸሸገም። የወንበር ቁጥርም እንዲሁ ነው። ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የያዘውን ወንበር እስከ ፈተና ድረስ አይለቅም፤ ሌላ ሰው ቢቀመጥበት «ቦታዬ ነው» ብሎ ያስነሣዋል። እንግዲህ «ወንበር 43» ማለት እገሌ ማለት ነው። በስልሳ ወንዶች መካከል ሁለት ሴቶች ብቻ ባሉበት ክፍል ደግሞ «የሴት ተሳትፎ፦ 0» ብሎ መጻፍ የሁለት እኅቶችን ስም በደማቁ እንደ መጻፍ ነው።

ታዲያ እንዴት ይቆጠር? እነሆ የኔ ሐሳብ፤ ተራ ነገር ነው፣ ኮምፒዩተርም አይፈልግም።

10 ወንበር ያላቸው 6 ረድፎች አሉ እንበል፤ መካከሉን መተላለፊያ ይከፍለዋል። ሁለት ሁለት ረድፍ እየያዝን ከፊት፣ ከመካከልና ከኋላ፣ ከቀኝና ከግራ ብንከፍለው 6 ቀጠናዎች ይሆናሉ፤ በእያንዳንዱም 10 ወንበር ይደርሳል። በወረቀቱ ላይ የሚሣሉት እነዚህ ስድስት ሣጥኖች ብቻ ናቸው። ወንበር አይሣልም። ክፍሉ ካልሞላና በአንድ ቀጠና ያለው ሰው ጥቂት ከሆነ ከጎረቤቱ ቀጠና ጋር ይቀላቀላል፤ ከ10 ሰው በታች የሆነ ነገር ለብቻው አይቆጠርም።

በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ሦስት ዓይነት ጭረት ይደረጋል። አንደኛው፣ መምህሩ ራሱ መርጦ የጠየቀው ሰው ከዚህ ቀጠና ሲሆን። ሁለተኛው፣ እጅ አንሥቶ ዕድል አግኝቶ የተናገረ ሲኖር። ሦስተኛው፣ እጅ አንሥቶ የታለፈ ሲኖር። ይህን ሦስተኛውን በስም የሚቆጥሩት ሰዎች ወረቀት ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ ያልተናገረ ሁሉ ለእነርሱ ዝም ያለ ነውና። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። ከኋላ በግራ በኩል ሃያ እጅ ተነሥቶ ሃያውም ከታለፈ የሰነፈው ተማሪው ነውን?

ቆጣሪዎቹ ሁለት ተማሪዎች ይሁኑ፤ በዕጣ ይውጡ፤ በየሳምንቱ ይለወጡ። የክፍል ተጠሪው አይሁን፣ የመምህሩ ረዳትም አይሁን፤ እነርሱ ሌላ ሥልጣን አላቸው። ሁለት የሆኑበት ምክንያት አንዱ የሌላውን እንዲያርም ነው፤ ጭረታቸው እጅግ ከተለያየ የዚያ ቀን ወረቀት ይጣል። ሰዓቱ ሲያልቅ የስድስቱ ሣጥን ድምር ብቻ በሰሌዳው ላይ ይጻፍ፤ መምህሩም ተማሪውም አብረው ይዩት። ጭረት ያለበት ወረቀት እዚያው ይቀደድ። ፎቶግራፍ አይነሣ።

የአንድ ቀን ድምር ምንም አያረጋግጥም፤ ሰው ይታመማል፣ መብራት ይጠፋል፣ በመጋቢት ሙቀት ደግሞ ሁሉም ወደ መስኮቱ ይሸሻል። ስለዚህ ለአራት ሳምንት ይቆጠር። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ክፍሉ ቦታ ይለዋወጥ፤ ከኋላ የነበረው ወደ ፊት፣ ከፊት የነበረው ወደ ኋላ። ከዚያ በኋላ ድምሩን ማየት ነው። ከኋላ ያለው ቀጠና ሰዎቹ ከተለወጡም በኋላ እንደ ደረቀ ከቀረ በሽታው የቦታው ነው፤ መምህሩ ከሰሌዳው ይነቀልና በመተላለፊያው ይውረድ፣ ድምፁን ያሰማ፣ ዓይኑን ያዙር። ዝምታው ከሰዎቹ ጋር ወደ ፊት ከመጣ ግን ኮኔያ እንዳለው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የሚጠየቀው በዝርዝር ሳይሆን በጨዋ ቋንቋ፣ ለብቻ፣ መልሱም ሳይጻፍ ነው። ጥያቄውን በቁራጭ ወረቀት ያለ ስም ጽፎ በካርቶን ሣጥን የሚጥልበት መንገድም ይከፈት። ብዙ ዝምተኛ የሚናገረው በብዕር ነው።

አሁን ደግሞ ከምወዳቸው ወገኖች የሚመጣ ተቃውሞ አለ፤ ከሁሉ የከበደኝም እርሱ ነው። «የጉሙዝና የበርታ ልጆች በክፍል ውስጥ እየተዘነጉ መሆናቸውን ለማሳየት ብሔር መቆጠር አለበት፤ ያልተቆጠረ ሰው የለም ይባላል» ይላሉ። ሐሳባቸው ከቅን ልብ የመጣ ስለ ሆነ በቸልታ አላልፈውም። ማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ስንት የአካባቢው ተወላጅ ገባ፣ ስንቱ ተመረቀ የሚለውን በጠቅላላ ቁጥር ለሕዝብ ቢያስታውቅ እኔም ፊርማዬን አኖራለሁ። ነገር ግን ያ በሺህ የሚቆጠር ሰው ድምር ነው፤ ማንም ከውስጡ አንድ ሰው መዝዞ አያወጣም። በአንድ ክፍል ውስጥ ግን ሦስት የጉሙዝ ልጆች ካሉ የእነርሱን ዝምታ መጻፍ እነርሱን ማጋለጥ ነው፤ የሚረዳቸውም የለም። «ጉሙዞቹ አይሳተፉም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከክፍሉ ይወጣና መምህሩ በሚቀጥለው ዓመት ጉሙዝ ሲያይ የሚጠብቀው ዝምታን ይሆናል። ቀጠናውን ከቆጠርን ግን መምህሩ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከኋላ ያለው የጉሙዝ ልጅም፣ የወላይታ ልጅም፣ የጎጃም ልጅም እኩል ይደርሳቸዋል፤ የማንም ስም ሳይነሣ።

መምህራንም አንድ ቅሬታ አላቸው፤ «ማርክ ከሌለው ማንም አይናገርም»። ክቡራን መምህራን፣ ለማርክ ሲባል የሚነሣውን ጥያቄ እናንተም ታውቁታላችሁ። ጠያቂው መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ወይም ጓደኛው የጠየቀውን በሌላ ቃል ይደግመዋል፤ ጭረቱን ሲያገኝ ይቀመጣል። ያን ጊዜ በእውነት ያልገባው ሰው ጊዜው ተወስዶበታል። ለ5 ማርክ መስጠት ከፈለጋችሁ በሰዓቱ መጨረሻ ግማሽ ገጽ አጽፉንና ያንን አርሙ። በዚያ ላይ ስሜን እጽፋለሁ፤ ሥራዬ ነውና፣ አውቄና ፈቅጄ በእጄ አስረክቤዋለሁና። ሳላውቀው ከጀርባዬ ስለ እኔ የሚጻፈው ግን ሥራዬ አይደለም፤ ጥበቃ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል የሚል ካለ፣ ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበሰብ፣ ዓላማው ካበቃም በኋላ እንዳይቀመጥ ያዛል፤ ብሔርንና ሃይማኖትንም በተለየ ጥንቃቄ ከሚያዙት መረጃዎች ወገን አድርጎታል። በየቢሮው መሳቢያ የሚገኘው የስም ዝርዝር ይህን መመዘኛ ያልፋል ብሎ የሚከራከር የሕግ መምህር ካለ በዚህ ገጽ ላይ ቢያስተምረን ደስ ይለናል።

ለተማሪውም አንድ የምለው አለኝ፤ ጣት ሁልጊዜ ወደ መምህሩ ብቻ አይጠቆምምና። ጓደኛው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲጠይቅ የሚስቀው ማነው? መምህሩ አይደለም። የመቀመጫውን ወረቀት ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሳቅ የሚያሰራጨውስ? እርሱም መምህሩ አይደለም። ከአገር ልጅ ጋር መቀመጥን አልነቅፍም ብያለሁ፤ ግን ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ወንበርና ከአንድ ቋንቋ አለመነቃነቅ የራሳችንን ካርታ በራሳችን እጅ መሣል ነው። ቦታ እንለዋወጥ ሲባል «ቦታዬ ነው» ብሎ የሚያኮርፍ ሰው በኋላ ስለ ስም ዝርዝር ሲያማርር አልሰማውም።

ከተማሪዎች ማኅበር የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። በስም የተሞላ የመቀመጫ ሥዕል ያላቸው መምህራን ማርኩን ከዘጉ በኋላ ወረቀቱን እንዲያስወግዱ በትሕትና ይጠየቁ፤ በትሕትና ማለቴ በደብዳቤና በማኅተም ነው። ፈቃደኛ የሆነ አንድ መምህር ተፈልጎ የአራቱ ሳምንት ቆጠራ በእርሱ ክፍል ይጀመር፤ ውጤቱም አስቀድሞ ለራሱ ይነገር፤ የመምህሩም ክብር እንደ ተማሪው ሁሉ ይጠበቃልና የእርሱን ስም በዚህ ጋዜጣ ላይ አናወጣም። ከዚያም የሌሎቹ ክፍሎች ተማሪዎች ይህን ሐሳብ እንዳለ ይቀበሉት ወይም ያሻሽሉት እንደ ሆነ በጠቅላላ ስብሰባ ይነጋገሩበት።

ስድስቱ ሣጥኖች ያሉበት ናሙና በዚህ እትም የመጨረሻ ገጽ ጀርባ ታትሟል። ቀለሙ ደብዝዞ የደረሳችሁ ካላችሁ ይቅርታ፤ ስቴንስሉ አርጅቷል። በራሳችሁ ደብተር ላይም በማስመሪያ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ከላይ የቀኑ፣ ከታች የድምሩ ቦታ አለው፤ የስም መሥመር የለውም።